እንቅስቃሴያቸው የማይቀናጅ ሕፃናትና የሰውነት ማሠልጠኛቸው ታሪክ

ከአንድ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንዱ ልጅ ምን ጊዜም ለብሶ የሚጨርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ቁልፉን ሲቈልፍ አንዱን ዘሎ ሌላውን ይይዛል፤ ኳስ ሲወረወርለት እጁን የሚዘረጋው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ደብተሩ ሥርዝ ድልዝ የበዛበት ነው፤ ብርጭቆ አቀብል ሲባል ይጥላል። ዐይኑ ያያል፤ ጆሮው ይሰማል፤ ክንዱም እግሩም ደኅና ነው፤ በቃል ሲጠየቅ ከጓደኞቹ አያንስም። ለእንዲህ ያለው ልጅ በቋንቋችን ስም አልታጣለትም፤ «እጀ ሰባራ»፣ «ዝርክርክ»፣ «ገልጃጃ» ይባላል። ከሦስቱ ስሞች አንዱም ስለ ችግሩ ምንነት አይናገርም፤ ሦስቱም ነቀፋ ናቸው። ልጁም ከነቀፋ ጋር ያድጋል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ለእነዚህ ልጆች በልዩ ልዩ አገርና በልዩ ልዩ ዘመን የታዘዘላቸውን የሰውነት ማሠልጠኛ ነው። ጉዳዩ የሐኪምም የመምህርም ስለ ሆነ ታሪኩ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይገኛል። ታሪኩን ስንከታተለው ሁለት ሐሳቦች ሲፎካከሩ አገኘን። የመጀመሪያው ልጁ የተሳነውን ሥራ ለጊዜው ትተን ከሥራው በስተኋላ ያለውን ሥር እናክም ይላል፤ ሥሩ የሚባለውም አንጎል፣ ወይም የሰውነት ሚዛን፣ ወይም የስሜት ሕዋሳት አሠራር ነው። ሁለተኛው ልጁ የተሳነውን ያንኑ ሥራ ራሱን እናስተምረው ይላል። የመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ነበረ ሊቃውንትን ማረከ፤ ሁለተኛው ማንኛዋም እናት የምታውቀው ነገር ስለ መሰለ ለረዥም ጊዜ ከቁም ነገር አልተቈጠረም። በመጨረሻ ሚዛን የደፋው ግን ይኸው ሁለተኛው ነው። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደ ቻለ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ተግባር ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

የሰውነት እንቅስቃሴን ለሕክምና ማዋል በአውሮፓ የቈየ ነገር ነው። ስዊድናዊው የሰይፍ ግጥሚያ መምህር ፐር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ንጉሣዊውን ማዕከላዊ የጅምናስቲክ ተቋም አቋቋመ። ሊንግ ጅምናስቲክን ለትምህርት፣ ለጦር ሠራዊት፣ ለሕክምናና ለውበት የሚሆን ብሎ በአራት ከፈለው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በትእዛዝ የሚጀመር በትእዛዝ የሚቆም፣ ልኩም አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ይህ «የስዊድን ጅምናስቲክ» የተባለው ሥርዓት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ እንግሊዝና ወደ ሌሎች አገሮች ትምህርት ቤቶች ገባ። በእኛ አስተያየት እጁና እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ጎልቶ መታየት የጀመረው በዚሁ ዘመን ገደማ ሳይሆን አይቀርም። በመንደር ሥራ መካከል አንዱ ልጅ ቢፈጥን ሌላው ቢዘገይ ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ሠላሳ ልጆች ተሰልፈው በአንድ ድምፅ እጃቸውን ሲያነሡ ግን ከመሥመር የወጣው አንዱ ብቻ ይታያል። የግዴታ ትምህርትና የእጅ ጽሕፈትም እንዲሁ ገለጡት።

በሕክምናው በኩል የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጆን ሊትል በ1861 ለከተማይቱ የማዋለድ ሐኪሞች ማኅበር ባቀረበው ጥናት፣ አስቸጋሪ ወሊድ በሕፃናት ላይ ከሚታየው የጡንቻ መኰማተር ጋር ያለውን ግንኙነት ገለጸ። ዛሬ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ሕመም ለብዙ ጊዜ «የሊትል በሽታ» ሲባል ኖሯል። (ሊትል ራሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ቈልማማ ነበረና ጀርመን አገር ሄዶ በ1836 በተደረገለት ቀዶ ጥገና የተሻለው ሰው ነው።) ከእርሱ ወዲህ ሐኪሞች ግልጽ የአካል መስነፍ ያለበትን ልጅ እየለዩ ማወቅ ቻሉ። እኛ የምንናገርለት ልጅ ግን አልሰነፈም፤ ጡንቻውም አልተኰማተረም፤ ስለዚህ ከሐኪሙ መዝገብ ውጪ ቀረ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ፈረንሳዊው የአእምሮ ሐኪም ኤርኔስት ዱፕሬ «የእንቅስቃሴ ድካም» የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። በ1923 ደግሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኦዜሬትስኪ የልጆችን የእንቅስቃሴ ችሎታ በዕድሜ በዕድሜያቸው የሚመዝን ፈተና አሳተመ፤ ፈረንሳዊው ቢኔ የማሰብ ችሎታን ለመለካት የተከተለውን መንገድ ኦዜሬትስኪ ለእጅና ለእግር አዋለው ማለት ነው። ፈተናው በ1946 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለብዙ ኋለኛ ፈተናዎች አባት ሆኗል። በአሜሪካም ሳሙኤል ኦርተን በ1937 ስለ ማንበብ፣ ስለ መጻፍና ስለ መናገር ችግር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ከልክ ያለፈ የእንቅስቃሴ አለመሳካትን ከልጆች የዕድገት ችግሮች መካከል አስገባው። እነዚህ ሦስቱ ስም ሰጡ፣ ለኩ፣ መደቡ፤ ልጁ ምን ይሠልጥን ለሚለው ጥያቄ ግን ገና መልስ አልነበረም።

ነገሩ በሰፊው የታወቀው በ1962 ነው። በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ይሠሩ የነበሩ ጆን ዋልተን፣ ኤሪንግተን ኤሊስና ዶናልድ ኮርት የተባሉ ሐኪሞች «ብሬን» በተባለው የሕክምና መጽሔት የአምስት ልጆችን ታሪክ አወጡ። አምስቱም በቃል ሲፈተኑ የሚያሳዩት ውጤት በእጅ ሲፈተኑ ከሚያሳዩት ይበልጥ ነበር፤ ልብስ መልበስ፣ መጻፍና መሳል ያስቸግራቸው ነበር፤ ምንም ዐይነት የአካል መስነፍ ግን አልተገኘባቸውም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የእንግሊዝ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ስለ እነዚሁ ልጆች ርእሰ አንቀጽ ጻፈ። በ1965 ያው የኒውካስል ቡድን ሳሰን ጉቤይ የተባለውን ሐኪም ጨምሮ የልጆቹን ቍጥር 21 አደረሰው። አምስት ልጅና ሃያ አንድ ልጅ ብዙ አይደለም። ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ ክብደት በቍጥሩ አይለካም። መምህሩ «ሰነፍ ነው»፣ አባት «እልከኛ ነው» ይሉት የነበረውን ልጅ ሐኪም መርምሮ «አይደለም» ሲል የመጀመሪያው ጉልህ ጊዜ ስለ ነበረ ነው።

ጉቤይ ኋላ ወደ አውስትራሊያ ሄዶ በ1975 ስለ እነዚህ ልጆች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። እዚያ ያቀረበው ፈተና ስምንት ነገር ብቻ የያዘ ነው፤ ማፏጨት፣ እየዘለሉ መራመድ፣ ኳስን በእግር ማንከባለል፣ ኳስ ወደ ላይ ወርውሮ አጨብጭቦ መቅለብ፣ የጫማ ማሰሪያ ማሰር፣ ዶቃ በክር ማስገባት፣ ወረቀትን በመርፌ መብሳት፣ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን ነገሮች በየቀዳዳቸው መክተት። አንባቢው ይህን ዝርዝር በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን። ፈተናው የተሠራው ከተራ የልጅ ሥራ ነው፤ በዚያው ዘመን ይታዘዝ የነበረው ልምምድ ግን ከተራ የልጅ ሥራ በጣም የራቀ ነበር።

አሁን ወደ ማሠልጠኛዎቹ እንመለስ። 1960ዎቹና 1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የእነዚህ ፕሮግራሞች ዘመን ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ማንበብ ሲያቅታቸው ምክር ይፈልጉ ነበር፤ ማንበብ ካቃታቸውም መካከል ብዙዎቹ እጃቸውም አይታዘዝም ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ችግሮች አንድ ሥር ቢኖራቸውስ? ይህ ግምት ለብዙ ነገር በር ከፈተ።

በኢንዲያና ክፍለ ሀገር በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኒውዌል ኬፈርት በ1960 በክፍል ውስጥ ዘግይቶ ስለሚማረው ልጅ ታዋቂ መጽሐፉን አሳተመ። በእርሱ አስተሳሰብ ልጅ ዓለምን መጀመሪያ የሚያውቀው በእንቅስቃሴ ነው፤ ዐይን የሚማረው ከእጅ ነው፤ ስለዚህ የእንቅስቃሴው መሠረት ያልተስተካከለለት ልጅ ፊደልን አስተካክሎ ሊያይ አይችልም። ልምምዶቹም ከዚህ የተቀዱ ናቸው። ልጁ ጠባብ ሳንቃ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በጀርባው ተኝቶ እጁንና እግሩን መሬት እንደ ነካ ይከፍታል፣ ይገጥማል፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ በሁለት እጁ ባንድ ጊዜ ክብ ይሥላል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ በቪየና የተወለደችው ማሪያን ፍሮስቲግ ችግሩ በማየት ማስተዋል ላይ ነው ብላ በእርሳስ የሚሠሩ መልመጃዎች አዘጋጀች፤ በሁለት መሥመር መካከል ሳይነኩ መሥመር መሳብ፣ ከተደራረቡ ሥዕሎች አንዱን ለይቶ ማግኘት፣ የመሳሰሉት ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ አነጋጋሪ የነበረው በፊላደልፊያ ግሌን ዶማንና ካርል ዴላካቶ ያስፋፉት ሥርዓት ነው። እነርሱ እንደሚሉት ሕፃን ሲያድግ የእንስሳትን የዕድገት ደረጃ አንድ ባንድ ያልፋል፤ መጀመሪያ እንደ ዓሣ፣ ቀጥሎ በደረቱ እንደሚሳብ ፍጥረት፣ ኋላም በአራት እግር እንደሚሄድ፣ በመጨረሻ እንደ ሰው ይሆናል። አንዱን ደረጃ የዘለለ ልጅ ተመልሶ እዚያው ላይ መሠልጠን አለበት። ስለዚህ ማንበብ ያቃተው የስምንት ዓመት ልጅ ወለል ላይ እንዲድኽ ይደረጋል፤ ብርቱ ችግር ያለበትንም ሦስት ወይም አምስት ሰዎች ራሱን፣ እጁንና እግሩን ይዘው በቀን ብዙ ጊዜ ያንቀሳቅሱታል። ቤተ ሰቡ፣ ጎረቤቱና ወዳጁ ሁሉ ለዚሁ ሥራ ይሰለፋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሥርዓት በመቃወም በ1968 መግለጫ አወጣ፤ በ1982ና በ1999ም ደገመው። የማኅበሩ አቋም የተመሠረተበት የሳይንስ ሐሳብ የቈየና የተጣለ ነው፣ ጥቅሙም አልተረጋገጠም፣ በቤተ ሰብ ላይ የሚጥለው ሸክም ግን ከባድ ነው የሚል ነበር። እኛም ስናስበው የሚያሳዝነን ይኸው የመጨረሻው ነገር ነው። ልጄ ያልዳነው ልምምዱን አንድ ቀን ስላጓደልሁ ይሆን እያለች ራስዋን የምትከስ እናት፣ ሐሳቡ ስሕተት መሆኑን ከመጽሔት አንብባ አትጽናናም።

ከዚህ ተለይታ በክብር መታየት የሚገባት ጂን ኤርስ ናት። ኤርስ የካሊፎርኒያ ተወላጅ፣ በሙያዋ የሥራ ሕክምና ባለሙያ ነበረች፤ የሥራ ሕክምና የምንለው በሽተኛው ወደ ዕለት ኑሮው ተግባር እንዲመለስ የሚረዳውን ሙያ ነው። በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ አንጎል ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከውስጥ ጆሮ የሚመጣለትን ስሜት ማስማማት ሲያቅተው እንቅስቃሴም ትምህርትም ይታወካል የሚለውን ሐሳብ አብራራች። በእርስዋ ክፍል ልጁ ከጣሪያ በተንጠለጠለ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል፤ መንኰራኵር በተተከለበት ሰሌዳ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቍልቍለት ይንሸራተታል። ልጆች ይህን ይወዱት ነበር፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ በሜዳ የተሳቀበት ልጅ ያለ ፍርሃት የሚንቀሳቀስበት ስፍራ አገኘ። ይሁን እንጂ የኤርስም ሐሳብ ከሥር የሚነሣ ነው፤ ዥዋዥዌው የታዘዘው ዥዋዥዌ ለማስተማር ሳይሆን፣ አንጎልን አስተካክሎ መጻፍንና ማንበብን ለማቅናት ነው።

እነዚህ ሁሉ ሥርዓቶች ለምን ይህን ያህል ተከታይ አገኙ? ሁለት ምክንያት ይታየናል። የመጀመሪያው ተስፋቸው ነው። ለመጻፍ አንድ፣ ለኳስ አንድ፣ ለጫማ ማሰሪያ ሌላ ትምህርት ከመስጠት ይልቅ ባንድ መድኃኒት ሁሉን እፈውሳለሁ የሚል ሐሳብ ማንን አይማርክም? ሁለተኛው ምክንያት ልጅ የሚያድግ መሆኑ ነው። አንድ ልጅ መስከረም ላይ ተፈትኖ፣ ዓመቱን በሳንቃ ላይ ሲሄድ ከርሞ በሰኔ ቢፈተን በእርግጥ ተሻሽሎ ይገኛል። ሳንቃውን ባያይስ ኖሮ? ያ ልጅ በዘጠኝ ወር ውስጥ ዘጠኝ ወር አድጓል። ጊዜ የሠራውን ሥራ ልምምዱ ወሰደው ማለት ነው። ይህን ለመለየት እኩያ የሆኑ ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ብቻ ማሠልጠን ያስፈልጋል። እንዲህ ያሉት ጥናቶች ቀስ በቀስ እየበዙ ሄዱ።

ሒሳቡ የተወራረደው በ1983 ነው። ካቬልና ማትሰን የተባሉ አሜሪካውያን በእንቅስቃሴና በማስተዋል ማሠልጠኛ ላይ የተደረጉ 180 ጥናቶችን ሰብስበው ውጤታቸውን ባንድነት መዘኑ። ያገኙት አማካይ ብልጫ በስታቲስቲክስ መለኪያ 0.08 ነው። ይህን ቍጥር በቀላል አነጋገር ብንተረጕመው፣ ከመቶ ያልሠለጠኑ ልጆች መካከል ሃምሳኛ ደረጃ ላይ ሊገኝ ይችል የነበረው ልጅ ሠልጥኖ ሃምሳ ሦስተኛ ላይ ደረሰ እንደ ማለት ነው። ለዚያውም ማሠልጠኛዎቹ ዋና ዓላማችን ነው ባሉት በንባብና በትምህርት ላይ ያሳዩት ለውጥ ከሁሉ ያነሰ ነበር። ፍርዱ እንዳይዛባ ግን አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በእነዚያ 180 ጥናቶች ውስጥ የገቡት ልጆች ብዙዎቹ የትምህርት ችግር ያለባቸው ናቸው እንጂ ሁሉም እኛ የምንላቸው እንቅስቃሴያቸው የማይቀናጅ ልጆች አይደሉም። ስለዚህ ሥራው የንባብን ተስፋ አፈረሰ፤ እጁ የማይታዘዝለትን ልጅ ምን እናድርገው የሚለውን ጥያቄ ግን ክፍት ተወው።

በዚህ መካከል ብዙ ሐኪምና ብዙ ወላጅ «ተዉት፣ ሲያድግ ይተወዋል» በሚለው ምክር ይጽናና ነበር። በ1991 ከለንደን የወጣ አንድ ጥናት ይህን ምክር ፈተነው። በስድስት ዓመታቸው እንቅስቃሴያቸው የማይቀናጅ ተብለው የተለዩ 17 ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላ እንደ ገና ከእኩዮቻቸው ጋር ተመዘኑ። አብዛኞቹ በአሥራ ስድስት ዓመታቸውም ችግሩ አልለቀቃቸውም፤ በትምህርታቸውም ዝቅ ብለው፣ ስለ ራሳቸው ያላቸውም ግምት ቀንሶ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ነገሩን አስፍተውታል። ኳስ መቅለብ ያቃተው ልጅ ከጨዋታ ይወጣል፤ ከጨዋታ የወጣ ልጅ አይሮጥም፤ የማይሮጥ ልጅ ጉልበቱ ይደክማል፤ የደከመም እንደ ገና ወደ ጨዋታው ለመመለስ ያፍራል። እንግዲህ በከንቱ ልምምድ ያለፈው ጊዜ ያለ ዋጋ የሄደ አይደለም፤ ዋጋውን የከፈለው ልጁ ነው።

ስሙም በዚሁ ዘመን ተለወጠ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1987 ባሳተመው መመሪያ «የዕድገት የቅንጅት መታወክ» የሚል ትርጉም ያለውን ስም አስገባ፤ በ1994 በካናዳ በምትገኘው በለንደን ከተማ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ ተመራማሪዎች በዚሁ ስም ለመጠቀም ተስማሙ። (የእንግሊዝዋ ለንደን አለመሆንዋን አንባቢ ያስተውል፤ ብዙ ሰው ይሳሳታል።) ከትምህርት ቤት ልጆች ከመቶው አምስት ወይም ስድስቱ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል። ስድሳ ተማሪ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ሦስት ልጅ ማለት ነው።

አዲሱ መንገድ የተከፈተው ሰው እንቅስቃሴን እንዴት ይማራል የሚለው ጥያቄ በሌላ በኩል ሲመረመር ስለ ነበረ ነው። የሩሲያዊው ኒኮላይ በርንስታይን ሥራዎች በ1967 በእንግሊዝኛ ሲታተሙ አንድ ትልቅ ሐሳብ ይዘው ወጡ። መዶሻ የሚመታ ሰው ሚስማሩን ሺህ ጊዜ ቢመታ ክንዱ ሺህ ጊዜ በአንድ መንገድ አይሄድም፤ አንጎል የሚያቀናጀው እያንዳንዱን ጡንቻ ለብቻው ሳይሆን ሥራው የሚፈልገውን ግብ ነው። በአሜሪካም በላብራቶሪ የተደረጉ ሙከራዎች የአንዱ እንቅስቃሴ ችሎታ ወደ ሌላው እንደሚታሰበው በቀላሉ እንደማይተላለፍ አሳዩ። ይህ እውነት ከሆነ በሳንቃ ላይ መሄድ የሚያስተምረው በሳንቃ ላይ መሄድን ነው፤ መጻፍን አያስተምርም።

በሆላንድ ማሪና ሹማከርና የሥራ ጓደኞችዋ በዚህ ላይ የተመሠረተ ማሠልጠኛ አበጁ። ባለሙያው መጀመሪያ ልጁ የተሳነውን ሥራ ራሱን ይመረምራል። ኳስ መቅለብ ካልሆነለት የተሳነው ኳሱን በዐይኑ መከተል ነው? እጁን በጊዜው መዘርጋት ነው? ወይስ ጣቶቹን መግጠም? ይህ ሲታወቅ ሥራው እንዲቀል ይደረጋል፤ ኳሱ ትልቅ ይሆናል፣ ወይም ፊኛ ይሆናል፣ ወይም ከቅርብና በዝግታ ይወረወራል። ልጁ ሲችለው ከባድ እየተደረገ ይሄዳል። በሜዳ ከልጆች ጋር እስኪጫወትበት ድረስ ትምህርቱ አያልቅም።

በካናዳ ሔሌን ፖላታይኮና አንጄላ ማንዲች ያሳደጉት ደግሞ ከዚህ ጥቂት ይለያል፤ መምሪያውም በ2004 ታትሟል። በዚያ ሥርዓት ግቡን የሚመርጠው ልጁ ነው። ሦስት ነገር ምረጥ ይባላል፤ ቢስክሌት መንዳት፣ ስሙን አሳምሮ መጻፍ፣ ምላጭ ቀረሽ አድርጎ እርሳስ መቅረጽ፣ የፈለገውን። ከዚያ አራት ቃል ይማራል፤ ግብ፣ ዕቅድ፣ ሥራ፣ ምርመራ። ባለሙያው «ክርንህን ወደ ውስጥ አስገባ» አይለውም፤ «ለምን የወደቅህ ይመስልሃል?» ይለዋል። ልጁ «ወደ ታች ስለማይ» ብሎ ካገኘው ቀጣዩ ዕቅድ የእርሱ ነው። ይህን ስናነብ የታዘብነው ነገር አለ። በሊንግ ሜዳ ትእዛዙ ከአሠልጣኙ ይወጣል፤ በኬፈርት ክፍል ልምምዱን ሊቁ ይመርጣል፤ በዴላካቶ ሥርዓት የልጁን እጅ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ልጁን ምን ለመቻል እንደሚፈልግ የጠየቀው ማን ነበር?

ውጤቱስ? ቦውዊን ስሚትስ ኤንግልስማን ከባልደረቦችዋ ጋር በ2013 ባወጣችው ጥናት 26 ጥናቶችን መርምራ በሁለት ለየቻቸው። ሥሩን እናክማለን የሚሉት አማካይ ብልጫቸው 0.12 ሆነ፤ ሥራውን ራሱን የሚያስተምሩት 0.89 ሆነ። ከላይ በተጠቀምንበት አነጋገር የመጀመሪያው ልጅን ከሃምሳኛ ወደ ሃምሳ አምስተኛ ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው ወደ ሰማንያ አንደኛ። የአውሮፓ የሕፃናት የአካል ጉዳት ሊቃውንት ማኅበርም በ2012 ባወጣው፣ በ2019ም ባደሰው መመሪያ ሥራውን ራሱን ማስተማርን መከረ። ይሁን እንጂ ድሉን አናጋንነው። በ2017 የታተመ ሌላ ጥብቅ ግምገማ በዚህ መንገድ ላይ የተደረጉ 15 ጥናቶችን ከ649 ልጆች ጋር መርምሮ ማስረጃው ገና ደካማ መሆኑን፣ ጥናቶቹም ትንንሽና ብዙ ጕድለት ያለባቸው መሆናቸውን ተናግሯል። ደግሞም መንገዱ በራሱ ሐሳብ የተወሰነ ነው፤ ቢስክሌት የተማረ ልጅ ቢስክሌት ቻለ እንጂ እጅ ጽሕፈቱ በዚያው አልተስተካከለም። አንድ መድኃኒት ለሁሉ የሚለው ተስፋ ቀርቷል፤ በእርሱ ፈንታ የተገኘው ረዥምና ተራ የማስተማር ሥራ ነው።

ከዚህ የሚከተል ለእኛ አገር መምህራን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። ማሠልጠኛው ሥራውን ራሱን ማስተማር ከሆነ፣ ሥራው ደግሞ ከአገር አገር የሚለያይ ከሆነ፣ ልምምዱን እንደ መድኃኒት ዕቃ ከውጭ ማስመጣት አይቻልም። ይህ ችግር ከፈተናው ይጀምራል። በእንግሊዝ በ1992 የወጣውና በዓለም ላይ በሰፊው የተሠራጨው ፈተና በዚያ አገር ልጆች ልማድ የተለካ ነው፤ ሣጥኑም ውድ ነው። በ2020 ስሚትስ ኤንግልስማንና ጋናዊው ኢማኑኤል ቦኒ ከሌሎች ጋር ሆነው ገንዘብ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች የሚሆን፣ ኳስና መሬት ላይ የተዘረጋ መሰላል በመሰለ ቀላል ዕቃ የሚሠራ ሌላ ፈተና አውጥተዋል። ይህን ስናይ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱ፣ ገመድ የሚዘሉ፣ ጠጠር ወርውረው የሚቀልቡ የሰፈራችን ልጆች ትዝ አሉን። መዝለል፣ በአንድ እግር መቆም፣ ወርውሮ መቅለብ ሁሉ እዚያ አለ፤ ከጨዋታው ዳር ቆሞ የሚመለከተውም ልጅ እንዲሁ እዚያ አለ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የእጅ ጽሕፈት ነው የሚያሳስበን። በፊደላችን አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። «ለ» ወገቡ ላይ በስተቀኝ ጭረት ሲጨመርበት «ሉ» ይሆናል፤ ያችው ጭረት ወደ እግሩ ስትወርድ «ሊ» ይሆናል፤ በእግሩ ላይ ቀለበት ሲሆን «ሌ» ይሆናል። እጁ የማይታዘዝለት ልጅ ጭረቲቱን ከወገብ በታች ከእግር በላይ ያሳርፋታል፤ መምህሩም ፊደል አላወቀም ብሎ ያርምበታል። ልጁ ግን ፊደሉን ጠይቁት፤ በቃሉ አንድ ሳይሳሳት ይወጣዋል። ለዚህ ልጅ ክብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማሣል፣ ወይም በሳንቃ ላይ ማስኬድ አያስፈልግም። ሰፊ መሥመር ያለው ወረቀት ስጡትና «ለ»ን ብቻ በትልቁ ይጻፍ፤ ወገቡ የት እንደ ሆነ፣ እግሩ የት እንደ ሆነ በራሱ ቃል ይናገር፤ ጭረቲቱን በቦታዋ ካሳረፈ በኋላ መሥመሩ ጠበብ ይበል፤ ከዚያ ወደ «ሉ» ይሻገር።